የላስቲክ ጓንትና የዶክቶር ሐልስቴድ ሕይወት

ለዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ እንድንጽፍ ሲነገረን አብዛኞቹ ጓደኞቻችን ነገሥታትንና አርበኞችን መረጡ። እኛ ግን ተሰብስበን ከተነጋገርን በኋላ አንድ ሐኪም መረጥን። ምክንያታችንም ይህ ነው። ነርስ ጓንት ስታጠልቅ ባየ ጊዜ እንደ ተጸየፈችው ቆጥሮ ቅር የሚለው ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም። ሌላው ደግሞ ጓንት የሐኪሙ ጌጥ ወይም የሥራ ልብስ ብቻ ይመስለዋል። በአንዳንድ ቦታም በሽተኛ ያስታመመ ሰው ጓንት ገዝተህ አምጣ ሲባል፥ ለሐኪሙ እጅ እኔ ምን አገባኝ ብሎ ያጉረመርማል። ጓንቱ ማንን ከማን እንደሚጠብቅ የጠየቅናቸው ሰዎች ሁሉ የመለሱልን የተለያየ ነው። ታሪኩን ስንመረምር ግን ነገሩ ከገመትነው የራቀ ሆኖ አገኘነው። የኦፕራሲዮን ጓንት መጀመሪያ የተሠራው ለሐኪሙም ለበሽተኛውም ታስቦ አልነበረም። የተሠራው የአንዲት ነርስ እጅ በመድኃኒት ስለ ቆሰለ ነው። ያሠሩትም ሰው ዶክቶር ዊልያም ስቱዋርት ሐልስቴድ ናቸው።

ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት፥ ለይተን ካልገለጽን በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሐልስቴድ የተወለዱት በ1852 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ነው። አባታቸው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የከበሩ ሰው ስለ ነበሩ በልጅነታቸው ምንም አልጎደለባቸውም። በዬል ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ የታወቁት በኳስ ጨዋታ እንጂ በትምህርት አልነበረም። እንዲያውም ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ እንኳ ለመዋሳቸው ማስረጃ አልተገኘም ይባላል። ይህንን መምህራኖቻችን ባያነቡት በወደድን ነበር፤ ነገር ግን የሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ደስ ያለውን ብቻ መርጦ ሊጽፍ አይገባውም። በመጨረሻው ዓመት ግን ስለ ሰው አካል አሠራር የሚያስተምር መጽሐፍ ገዝተው ማጥናት ጀመሩ። በ1874 ከዬል ወጥተው በኒውዮርክ የሕክምና ኮሌጅ ገቡ፤ በ1877ም ዶክቶር ተባሉ።

በዚያ ዘመን ኦፕራሲዮን ምን ይመስል እንደ ነበረ ሳንናገር ወደ ፊት ብንሄድ ታሪኩ አይገባም። ሐኪሙ ከመንገድ እንደ መጣ ካፖርቱን ለብሶ በባዶ እጁ ይቀዳል። በካፖርቱ ላይ የደረቀው የብዙ ሰው ደም የሙያ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር እንጂ ማንም አይጸየፈውም። በሽተኛው ከቢላዋው ቢተርፍ ከመግሉ አይተርፍም። ሐኪሙም ቢሆን ከአደጋ ነፃ አልነበረም። በ1847 በቪየና ከተማ ኮሌችካ የሚባሉ ሊቅ ሬሳ ሲመረምሩ አንድ ተማሪ የያዘው ቢላዋ ጣታቸውን ወጋቸው፤ ደማቸው ተመርዞ በጥቂት ቀን ሞቱ። ወዳጃቸው ዶክቶር ዜመልቫይስ የሬሳቸውን ምርመራ ወረቀት ሲያነቡ፥ በአራስ ትኩሳት ከሚሞቱት እናቶች አካል ውስጥ ከሚታየው ጋር አንድ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ ሐኪሙን በጣቱ በኩል ገብቶ የገደለው ነገርና በሐኪሙ እጅ ተሸክሞ እናቶችን የሚገድለው ነገር አንድ መሆኑ በዚያን ጊዜ ታወቀ። ይሁን እንጂ የሰማቸው ጥቂት ነው። ዜመልቫይስ በ1865 ራሳቸው ደማቸው ተመርዞ ሞቱ። በዚያው ዓመትና በዚያው ወር ሊስተር የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም በስኮትላንድ ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጠብ ጀመሩ።

ሐልስቴድ ከ1878 እስከ 1880 በአውሮፓ እየተዘዋወሩ በቪየናና በጀርመን ከተሞች ከታላላቅ ሐኪሞች ሥር ተማሩ። በተለይ በጀርመን አገር የሊስተር ዘዴ ጸንቶ ሲሠራበት በዓይናቸው አዩ። ወደ ኒውዮርክ ሲመለሱ ግን ቤልቪው በሚባለው ትልቅ ሆስፒታል ካሉት ሐኪሞች ብዙዎቹ በዚህ ዘዴ የማያምኑ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በሚሠሩበት ክፍል አልሠራም ብለው፥ ከወዳጆቻቸው ገንዘብ ለምነው በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ለብቻቸው ድንኳን አስተከሉ። ወለሉ እንጨት ነው፤ መብራትና የሞቀ ውሃ አለው። በዚህ ድንኳን ውስጥ እጁን ሳይታጠብ የሚገባ የለም። በገዛ ሆስፒታሉ ቅጥር ግቢ ድንኳን ተክሎ መሥራት ትዕቢት የሚመስለው አይጠፋም፤ እኛ ግን ትዕቢት ሆኖ አልታየንም።

በ1881 እኅታቸው ከወለደች በኋላ ደም እየፈሰሳት ልትሞት ደረሰች። ሐልስቴድ ሲደርሱ መልክዋ ነጥቶ ነበር። ወዲያው ከገዛ ክንዳቸው ደም በመርፌ ቀድተው በእኅታቸው ደም ሥር ውስጥ ጨመሩ፤ ከዚያም የሚፈሰውን ደም አቆሙ፤ እኅታቸውም ዳነች። የደም ዓይነት የሚባለው ነገር በዓለም የታወቀው ከዚያ 20 ዓመት ያህል ዘግይቶ ስለ ሆነ፥ የሁለቱ ደም መስማማቱ ዕድል ነው እንጂ ዕውቀት አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ እናታቸው በሐሞት ጠጠር ታመው ሲያጣጥሩ፥ ሌሊት በስምንት ሰዓት በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ኦፕራሲዮን አደረጉላቸው፤ ሰባት ጠጠርም አወጡ። እናታቸው ዳኑ። ደፋርነት ማለት ይህ ነው። ነገር ግን ይኸው ድፍረታቸው ብዙ ሳይቆይ ራሳቸውን ጣላቸው።

በ1884 ኮካይን የሚባለው መድኃኒት ዓይንን እንደሚያደነዝዝ ከቪየና ወሬ መጣ። ሐልስቴድና ጓደኞቻቸው ይህንን መድኃኒት በነርቭ አጠገብ ቢወጉት የአካልን አንድ ክፍል ብቻ ያደነዝዝ እንደ ሆነ ለመሞከር ተነሡ። የሞከሩትም በሌላ ሰው ላይ ሳይሆን በገዛ አካላቸው ነው። ሙከራው ተሳካ፤ ዛሬ ጥርሳችን ሲነቀል ድዳችንን የሚያደነዝዘው የሐኪም መርፌ ከዚያ ሥራ የመጣ ነው። ሆኖም መድኃኒቱ ያዛቸው። አብረዋቸው ከሞከሩት ወጣት ሐኪሞችም አንዳንዶቹ በዚሁ ሱስ ጠፍተው ቀሩ። ሐልስቴድ በ1886 ሆስፒታል ገብተው ወራት ተኙ፤ ከኮካይኑ ለማላቀቅ የተሰጣቸው ሞርፊን ግን ሌላ ሱስ ሆነባቸው። ከዚህ ሱስ ፈጽሞ እንዳልተላቀቁ የታወቀው፥ የሥራ ባልደረባቸው ዶክቶር ኦስለር ጽፈው ያሸጉት ማስታወሻ በ1969 በተከፈተ ጊዜ ነው።

በኒውዮርክ የነበረው ስማቸው እንዲህ ከጠፋ በኋላ ዶክቶር ዌልች የሚባሉት ወዳጃቸው ወደ ባልቲሞር ከተማ ጠርተው በቤታቸው አስቀመጧቸው፤ በምርምር ቤታቸውም ሥራ ሰጧቸው። እዚያ በውሻ አንጀት ላይ ስፌት ሲያጠኑ የቀድሞው ፈጣንና ደፋር ሐልስቴድ ቀስ ብሎ፥ ተጠንቅቆ፥ ሥጋውን ሳያንገላታ የሚሠራ ሌላ ሰው ሆኑ። በ1889 ጆንስ ሆፕኪንስ የሚባለው ሆስፒታል በባልቲሞር ሲከፈት የኦፕራሲዮኑን ሥራ እንዲመሩ ተሾሙ።

አሁን ወደ ጓንቱ ደረስን። በኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ የነርሶቹ አለቃ ወይዘሪት ካሮላይን ሐምፕተን ነበሩ። የደቡብ አሜሪካ ክፍላተ አገር የባላባት ልጅ ናቸው። አባታቸው በርስ በርሱ ጦርነት ሞተው፥ በአክስቶቻቸው እጅ አድገው፥ ዘመዶቻቸው ሳይፈቅዱላቸው ወደ ኒውዮርክ ሄደው የነርስነት ሙያ ተማሩ። በዘመኑ የባላባት ልጅ በሽተኛ ስታጥብ መታየትዋ እንደ ውርደት ይቆጠር ነበርና። ሐልስቴድ በሥራቸው እጅግ ያደንቋቸው ነበር።

ችግሩ የእጅ መታጠቢያው መድኃኒት ነው። በዚያ ክፍል የሚሠራ ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ከፈተገ በኋላ፥ አንድ እጅ የሜርኩሪ ጨው በሺህ እጅ ውሃ በተበጠበጠበት ገንዳ ውስጥ ይነክራል። ይህ መድኃኒት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ቆዳንም ያቃጥላል። ወይዘሪት ካሮላይን በየቀኑ መላልሰው ሲነክሩበት እጃቸውና ክንዳቸው ቀላ፥ ቆሰለ፥ ተሰነጣጠቀ። ሥራውን ሊተዉት ሆነ። ሐልስቴድም በ1889 መጨረሻ በነበረው ክረምት የእጃቸውን ልክ አስወስደው፥ በኒውዮርክ ወደሚገኘው የጉድይር ላስቲክ ኩባንያ ልከው፥ ክንድን የሚሸፍን እጅጌ ያለው ሁለት ጥንድ ስስ የላስቲክ ጓንት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ጓንቱ መጣ፤ ቁስሉ ዳነ፤ ወይዘሪት ካሮላይንም በሥራቸው ላይ ቆዩ። የቆዩት ግን ለጥቂት ወር ብቻ ነው፤ በጁን 1890 ሐልስቴድ አገቧቸውና ከሆስፒታሉ ወጡ። አንዳንድ ሰው ይህ ጓንት የተሠራው ከፍቅር የተነሣ ነው እያለ ይቀልዳል፤ እኛም ይህንን ቀልድ ሐሰት ነው ለማለት አልቻልንም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ጓንቱ በእጃቸው ገብቶአል፤ በሚቀቀል ላስቲክ የተሠራ ነው፤ እጅ ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ አይቀቀልም። ይህ ሁሉ እየታወቀ ለብዙ ዓመት ጓንቱን ያጠልቁ የነበሩት ዕቃ የሚያቀብሉት ረዳቶች ናቸው። የሚቀደው ሐኪም ግን በባዶ እጁ ይሠራ ነበር። ላስቲኩ ወፈር ያለ ስለ ሆነ የጣትን ስሜት ያደነዝዛል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ረዳቶቹ ግን ሲለምዱት ከባዶ እጅ ይልቅ በጓንት መሥራት ቀለላቸው። ከእነርሱ አንዱ ዶክቶር ብላድጉድ፥ እርሳቸው ራሳቸው ቀዳጅ ሐኪም በሆኑ ጊዜ፥ በ1890ዎቹ አጋማሽ ጓንቱን በሁሉም ኦፕራሲዮን ማጥለቅ ጀመሩ። በ1899 ከ450 በላይ የቡአ ኦፕራሲዮን ቆጥረው ውጤቱን አሳተሙ። በባዶ እጅ ሲሠራ ከመቶው በሽተኛ 17 ያህሉ ቁስላቸው ይመግል ነበር፤ በጓንት ሲሠራ የመገለው ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም። ሐልስቴድ በ1913 ስለዚሁ ሲጽፉ፥ ጓንቱን በእጃቸው ይዘው ጥቅሙን ያን ያህል ዘመን ሳያዩት መቅረታቸው ለራሳቸውም እንደሚያስደንቃቸው አልሸሸጉም። ነገሩ በፊታቸው ተቀምጦ ነበር። ለነርስዋ እጅ የተሠራው ጓንት እንዲህ ሆኖ የበሽተኛው ጠባቂ ሆነ።

እግረ መንገዳችንን ስለ አገራችን አንድ ነገር እናንሣ። ከእኛ ከኩታበር በስተምዕራብ፥ በተንታ ወገን ባለው በመቅደላ አምባ በ1868 ዓፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ አንድ ሕፃን ልጅ በእንግሊዝ መኰንኖች እጅ ገብቶ ወደ ሕንድ ተወሰደ። ይህ ሕፃን በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተባሉት፥ ዘመናዊ ሕክምና የተማሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው። በ1882 በላሆር ተመርቀው፥ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን ያሟሉት ሐልስቴድ ያንን ጓንት ባሠሩበት ዘመን ገደማ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐኪማችን የተማሩት ሐኪም እጁን በመድኃኒት እየፈተገ፥ እያቃጠለ፥ በባዶ ጣት በሚሠራበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። በ1952 በአዲስ አበባ ሲያርፉ ግን የላስቲክ ጓንት የሌለው የኦፕራሲዮን ክፍል ለመባል የሚበቃ አልነበረም። የአንድ ሰው ዕድሜ ይህን ሁሉ ለውጥ አየ።

ያም ቢሆን በዚያን ጊዜ የነበረው ጓንት የዛሬው አልነበረም። ተሠርቶበት ሲያበቃ ይታጠባል፥ ቀዳዳው በላስቲክ ይጣፋል፥ ዱቄት ተነስንሶበት በእንፋሎት ይቀቀልና ደግሞ ይጠለቃል። አንድ ጊዜ ተጠልቆ የሚጣለው ጓንት የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። ሐኪሞቹም ጓንት የሚያጠልቁት ለበሽተኛው ብለው ነበር እንጂ ለራሳቸው አልነበረም። የበሽተኛው ደም እጃቸውን ቢነካ፥ መርፌ ቢወጋቸው፥ ጣታቸውን መጥጠው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ፥ ሕዝቡ የወፍ በሽታ የሚለው፥ ስንቱን ሐኪም በዝምታ እንደ ወሰደ ማን ቆጠረው? የሔፓታይተስ ቢ ቫይረስ የታወቀው በ1960ዎቹ፥ ሔፓታይተስ ሲ የታወቀው በ1989 ነውና ከዚያ በፊት የሞተው ሐኪም ምን እንደ ገደለው ሳያውቅ ሞተ።

ሦስተኛው የጓንት ሥራ የታወቀው በኤድስ ምክንያት ነው። ቫይረሱ በ1983 በፓሪስ ተለየ። በአገራችን ደግሞ በ1984 በደም ምርመራ ምልክቱ ተገኘ፤ በ1986 የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች ታወቁ። በዓለም ሁሉ ያሉ ሐኪሞች ያን ጊዜ እጃቸውን አዩ። ያ የበሽተኛው ጠባቂ የነበረው ስስ ላስቲክ አሁን የሐኪሙ ነፍስ ጠባቂ ሆነ። ከ1987 ጀምሮም የማንኛውም በሽተኛ ደም፥ ሀብታምም ይሁን ድኃ፥ ሽማግሌም ይሁን ሕፃን፥ እንደ ታመመ ሰው ደም ተቆጥሮ እንዲያዝ የሚያዝዝ ደንብ ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ ሌላውም አገር ተስፋፋ። ጓንት ባየ ጊዜ የሚቀየመው ወገናችን ይህን ቢያውቅ ደስ ይለናል፤ ነርስዋ ጓንት ያጠለቀችው እርሱን መርጣ ሳይሆን ማንንም ላለመምረጥ ነው።

አደጋው በቁጥር ሲነገር እንዲህ ነው። ቫይረስ ባለበት ደም የተነከረ መርፌ የወጋው ሰው በኤች አይ ቪ የመያዙ ዕድል ከሺህ ሦስት ያህል ነው። በሔፓታይተስ ሲ ከመቶ ሁለት ያህል ነው። ክትባት ላልተከተበ ሰው ግን በሔፓታይተስ ቢ የመያዙ ዕድል ከመቶ 6 ተነሥቶ እስከ 30 ይደርሳል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ኤድስን ነው፤ ቁጥሩ ግን ይበልጥ የሚያስፈራው ሌላው መሆኑን ያሳያል።

ጓንት መርፌን አያቆምም፤ ይህንን ሳንሸሽግ መናገር አለብን። በረጅም ኦፕራሲዮን ጊዜ ሐኪሙ ሳያውቀው ጓንቱ ይበሳል። በቀኙ የሚሠራ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚወጋው የግራ እጁን ሌባ ጣት ነው፤ ሥጋውን የሚደግፈው በርሱ ነውና። ቀዳዳ ጓንት የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም። ስለዚህ ዛሬ ጠንቃቃ ሐኪም ሁለት ጓንት ደርቦ ያጠልቃል። የውስጡ በቀለም የተለየ ከሆነ የላይኛው ሲበሳ ርጥበቱ ገብቶ ቀለሙ ጎልቶ ይታያል፤ ያን ጊዜ ይለውጠዋል። ላስቲኩን አልፎ የሚወጋ መርፌም በላዩ ካለው ደም ብዙው በላስቲኩ ላይ ይጠረግና የሚገባው ያንሳል። ቢላዋና መርፌም ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበልም፤ ነርስዋ በሳሕን ላይ ታኖረዋለች፥ ሐኪሙ ከሳሕኑ ያነሣዋል። ዓይን በመነጽር ይሸፈናል። ያገለገለ መርፌ ወደ ክዳኑ አይመለስም፤ በማይበሳ ዕቃ ውስጥ ይጣላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የተወጋ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ያጥባል፥ ሳያፍር ለአለቃው ይናገራል፥ ከኤች አይ ቪ የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፥ ቢቻል በዚያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ ለ28 ቀን ይወስዳል። የሚያፍርና የሚደብቅ ግን አለ። የሙያ ጓደኛ እንዳይስቅበት፥ የትዳር ጓደኛ እንዳይጠረጥር ብሎ ሰዓቱን የሚያሳልፍ አለ።

ለሔፓታይተስ ቢ ደግሞ ክትባት አለው። በአገራችን ለሕፃናት ከሚሰጠው ክትባት ጋር አብሮ መሰጠት የጀመረው በ2007፥ በእኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነው። ይህን ስናነብ አንድ ነገር አሰብን። እኛ ተማሪዎቹ የተወለድነው ከዚያ ወዲህ ስለ ሆነ፥ ወላጆቻችን በጊዜው አስከትበውን ከሆነ ይህ ጋሻ ገና በሕፃንነታችን በጭናችን ገብቶአል። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን፥ ዛሬ በደሴም በሌላውም ቦታ ታማሚያችንን የሚቀዱልን ብዙ ሐኪሞችና ነርሶች ግን በሕፃንነታቸው አላገኙትም። አዋቂ ሆነው በፈቃዳቸው ሦስት ጊዜ ተከትበው ካልሆነ በቀር በእነርሱና በበሽታው መካከል ያለው ያ ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። ከመካከላችን ነርስ ወይም ሐኪም ልሁን የሚል ብዙ ነው፤ የክትባት ካርድህ የት አለ ተብሎ ሲጠየቅ ግን እናቴ ታውቃለች ከማለት የሚያልፍ አላገኘንም። እናቶች ካርዱን ፈልገው እንዲያስቀምጡልን በዚህ አጋጣሚ እንለምናለን።

ወደ ሐልስቴድ እንመለስ። ከጓንቱ በኋላ ሌላ 30 ዓመት ያህል በባልቲሞር ሠሩ። የቡአና የጡት ነቀርሳ ኦፕራሲዮን በእርሳቸው ተሻሻለ። ወጣት ሐኪሞች በሆስፒታሉ ውስጥ እየኖሩ፥ ኀላፊነቱ በየዓመቱ እየጨመረላቸው ሙያ የሚማሩበትን ሥርዓት ያቆሙ እርሳቸው ናቸው፤ ይህ ሥርዓት ዛሬ በአዲስ አበባም ይሠራበታል። በጠባያቸው ግን ዝምተኛና ሰው የማይቀርባቸው ነበሩ። ሸሚዛቸውን ለማሳጠብ ባሕር አሻግረው እስከ ፓሪስ ይልኩ ነበር። ይህን ያህል ስለ ልብስ መጨነቅ ለምን እንዳስፈለገ እኛ አልገባንም። በየበጋው ከወይዘሮ ካሮላይን ጋር ወደ ሰሜን ካሮላይና ተራሮች እየሄዱ አበባ ይተክሉ ነበር። ልጅ አልወለዱም።

በ1919 በእናታቸው አካል ያወጡት የነበረው በሽታ፥ የሐሞት ጠጠር፥ በራሳቸው ላይ መጣ። ያስተማሯቸው ሐኪሞች ቀደዱላቸውና ዳኑ። በ1922 በሽታው ተመለሰ። አሁንም የቀደዱላቸው የገዛ ተማሪዎቻቸው ናቸው። ስንቱን በሽተኛ ከመግል ያዳነው የላስቲክ ጓንት በተማሪዎቻቸው እጅ ላይ ነበረ። ነገር ግን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሳምባቸው ታመመ፤ በሴፕቴምበር 7 ቀን 1922፥ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው፥ በዚያው በሠሩበት ሆስፒታል ሞቱ። ወይዘሮ ካሮላይንም ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሦስት ወር ሳይቆዩ በኖቬምበር ዐረፉ።